ወንዙን ያልተሻገሩ አይጦች

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ተመልሼ ደጃፌ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ የላሊበላ ዳገት በዝቶብኛል፤ ድሮ እየዘለልኩ የምወጣውን ዛሬ በባጃጅ እወጣና እሱንም አማርራለሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ ከባጃጅ ወርዳ፣ ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ እየጎተተች መጣችና «እማማ ዘነቡ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። አዎ ከማለቴ በፊት ሽታው ቀደመኝ። ከቦርሳዋ ጎን የተሰካው ጣሳ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ የለውዝ ቅቤ ይሸታል። ለሌላው ሰው የለውዝ ቅቤ በጾም ቀን ዳቦ ላይ የሚቀባ ነገር ነው፤ ለኔ ግን የአይጥ ወጥመድ ነው። «አንቺ ልጅ፣ አይጥ ልትይዢ ነው የመጣሽው?» አልኳት። አፏን ከፍታ አየችኝ። «በምን አወቁ?» «መጀመሪያ ጣሳሽን ክደኚው፤ ሰፈሩን አይጥ ሳይወርሰው» አልኩና አስገባኋት።

የዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመተ ምሕረት መያዝ አልሆነልኝም። የማስታውሰው ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም እንደነበር፣ አራት ዕንቁላል በስሙኒ ይገዛ እንደነበር፣ ወንዱ ሁሉ ካኪ ለብሶ ሴቱ ቴትሮን የሚመኝበት ዘመን እንደነበር ነው። ኮንጎ ጫማ ያላት ልጅ ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ ገበያው ድረስ በባዶ እግሯ ትሄድና መግቢያው ላይ እግሯን ታጥባ ታጠልቀው ነበር፤ ከነዚያ አንዷ እኔ ነኝ። ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መታጠፊያ፣ ወይራው ሥር፣ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ አንድ ቴፕ ነበረው፤ ካሴቱም አንድ ብቻ። ወደ ደሴ ሄዶ ለቀረባት ሰው የምታለቅስ ዘፋኝ ናት፤ ካሴቱ ከመለጠጡ የተነሣ በመጨረሻ ድምፅዋ የወንድ ሆኖ አረፈው። ቢሆንም አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማት ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል፤ ወይራው ግን አለ። ባለፍኩ ቁጥር ግንዱን ነካ አድርጌው አልፋለሁ፤ ሰው ሲያየኝ የምሳለም ይመስለዋል።

እኔ ያኔ ባል ፈትቼ እናቴ ቤት የተመለስኩ ልጅ ነበርኩ። የእናቴ ቤት ከገነተ ማርያም በላይ ካለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ወዲያ ያለውን መንደር ማዶ እንለዋለን። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብዙ ነው፤ ያ ሁሉ ትምህርት ግን የጎረቤት ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ያመጣልኝ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ዶክተር መጡ ተባለ። ሰዉ ሐኪም መስሎት፣ ልጅ ያመመው ልጁን፣ ወገብ ያመመው ወገቡን ይዞ ተሰለፈ። እሳቸው ግን የአይጥ ዶክተር ሆነው ተገኙ። ረጋ ያሉ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ነበሩ። መጻፍ የሚችል፣ አይጥ የማይጸየፍ ሰው እፈልጋለሁ አሉ። መጻፍ የሚችሉት ተጸየፉ፤ የማይጸየፉት መጻፍ አይችሉም። እኔ እጄን አወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዘነቡ አይጤ ሆነ፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሽማግሌ አለ፣ እኔም አቤት እላለሁ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በየማሳው ውስጥ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት እንተክልና ከሥሩ ወጥመድ እናስቀምጣለን። ወጥመዱ የማይገድል የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ውስጡ የለውዝ ቅቤ። ጠዋት እንሰበስባለን። ዶክተሩ ጓንታቸውን አድርገው አይጧን ይመዝናሉ፣ ጠብታ ደም ወስደው ወረቀት ላይ ያደርቃሉ፣ ጆሮዋ ላይ ከምስር የማትበልጥ ቁጥር ያለባት ብረት ይሰካሉ። እኔ ደብተሩ ላይ ቁጥሯን፣ ሴት ወንድነቷን፣ የተያዘችበትን ማሳ እጽፋለሁ። ከዚያ እሳቸው ደሙን ይዘው ወደ ድንኳናቸው ይገባሉ፤ እኔ አይጦቹን በየተያዙበት ማሳ፣ በየቀይ ጨርቁ ሥር፣ መልሼ እለቃለሁ። በሌላ ቀን ስትያዝ በቁጥሯ እናውቃታለን፤ ከየት ተነሥታ የት እንደደረሰች ደብተሩ ይናገራል።

«ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን። መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘነቡ፣ አይጥ ሳያማት ተሸክማው የምትዞር ቫይረስ አለ። እሷን ምንም አያደርጋትም፤ ስትናከስ፣ ስትሸና ለሌላዋ ታስተላልፋለች። እስኪ ንገሪኝ፣ ዝናብ ሲሠምር ምን ይሆናል?» «ገብሱ ያምራል።» «ገብሱ ሲያምርስ?» «አይጡ ይበዛላ።» «አይጡ ሲበዛስ?» ብለው ራሳቸው መለሱት። «ቦታ ይጠበዋል፤ ይናከሳል፤ ይሰደዳል። ቫይረሱም አብሮ ይሰደዳል። ስንት እንደሆኑና ምን ያህል ርቀው እንደሚሄዱ ካወቅን፣ ገና ዝናቡን አይተን ቫይረሱ በየትኛው ዓመት የትኛው መንደር ጎተራ እንደሚደርስ ቀድመን መናገር እንችላለን።» ሰውዬው ጠንቋይ ሊሆኑ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። እሳቸው ግን «ሁሉም የሚቆመው አንቺ በምትጽፊው ላይ ነው» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የቀድሞው ባሌ ስለ እጄ ሥራ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ወጡ መቅጠኑን ነበር።

ገበሬው በስብሰባ ላይ እሺ ብሎ ነበር። እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። እሺ ያለው ሁሉ ግን በማግሥቱ ጠዋት እኔን መንገድ ላይ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው አያ መላኩ ነበሩ፤ ማሳቸው ከእኛ ማሳ ቀጥሎ ነው። በትራቸውን ተመርኩዘው እጄ ላይ ያለውን ሳጥን አዩት። «ዘነቡ፣ እስኪ ያልገባኝን አስረጂኝ። ሌባ ያዛችሁ። እሰይ። ጆሮው ላይ ምልክት አደረጋችሁበት። ደግ። ከዚያ መልሳችሁ ገብሴ ላይ ትለቁታላችሁ? እንዲህ ያለ ዳኛ የት አገር አለ?» «አያ፣ ለጥናት እኮ ነው፤ ዶክተሩ...» «ዶክተሩ ነገ ይሄዳሉ፤ አንቺ የእኛው ልጅ ነሽ። በገብርኤል ገዝቼሻለሁ፤ አይጧን ማሳዬ ላይ እንዳትለቂ። ለሰውዬውም እንዳትነግሪ፤ ይቀየሙናል።»

የዛሬ ልጅ ግዝትን ቀላል ነገር ያደርገዋል። በእኛ ጊዜ በታቦት ስም የተገዘተ ሰው እጁ ታሰረ ማለት ነበር። እኅቷ ደጅ እንዳትደርስ ተገዝታ፣ እኅቷ ስትቀበር ከሩቅ ቆማ ያለቀሰች ሴት አውቃለሁ። ከአያ መላኩ ቀጥሎ ሌላው መጣ፣ ከእሱ ቀጥሎ ሌላዋ፤ አንዱ በሚካኤል፣ አንዷ በማርያም። በሳምንት ውስጥ ከቁልቁለቱ ላይ አይጥ የምለቅበት ቦታ ጠፋኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ምን ላድርግ? እንዳልገድላቸው ዶክተሩ በቁጥር ይጠብቋቸዋል። ሳጥኖቹን ጆንያ ውስጥ ከትቼ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻገርኩና ከማዶ በታች ባለው ገደል አፋፍ፣ የማንም ባልሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ ለቀቅኳቸው። ደብተሩ ላይ ግን «በተያዘችበት ማሳ ተለቀቀች» ብዬ ጻፍኩ፤ ያውም ባማረ እጅ ጽሕፈቴ። በማግሥቱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ።

ማዶም ወጥመድ ነበረን። አንድ ጠዋት ዶክተሩ ከማዶ ሳጥን ውስጥ ጆሮዋ ላይ ቁጥር ያለባት አይጥ አወጡ። ደብተሩን አስገለጡኝ፤ አያ መላኩ ማሳ ላይ የተያዘች ናት። «ወንዙን ተሻግራ!» ብለው እኒያ ረጋ ያሉ ሰው እንደ ልጅ ዘለሉ። በሌላው ቀን ሁለት ተገኙ፤ ከዚያ ሦስት። አይጥ ወንዝ አትሻገርም የሚሉ ሁሉ ተሳስተዋል አሉ፤ ማታ ማታ በፋኖስ ወረቀት ላይ መስመር ሲያሰምሩ አያቸዋለሁ። እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ገብርኤል ትዝ ሲለኝ እውጠዋለሁ። ደሴ ደርሰው ሲመለሱ ሰማያዊ ቴትሮን ቀሚስ አመጡልኝ፤ አንገቱ ላይ ነጭ ጥልፍ ያለበት። «ለታማኟ ጸሐፊዬ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቀሚስ ስመኝ ነው ያደግኩት፤ አንድ ቀን ሳልለብሰው ሳጥኔ ውስጥ ቀረ። እማዬ «ለምን አትለብሽውም?» ስትለኝ «ጠበበኝ» አልኳት። አልጠበበኝም ነበር።

ዶክተሩ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። እኔም ላሊበላ ገብቼ ሆቴል ተቀጠርኩ፤ የእንግዳ አንሶላ ሳጥብና ሳጥፍ ልጆች ወለድኩ፣ ፀጉሬም ሸበተ። አንሶላ ጥሩ ነገር ነው፤ ታጥቦ ከነጣ በኋላ ምን እንደነበረበት ማንም አይጠይቅም። አንዳንዴ ግን ዝናቡ ሲሠምርና ገብሱ ሲያምር ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ያንን ደብተር አስብ ነበር።

የልጅቱ ስም መቅደስ ነው። የዶክተሩ ተማሪ ነበረች። ማረፋቸውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ብዙ አለቀስኩ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ለአባት ያላለቀስኩት ሁሉ ያን ቀን ወጣ። አባብላኝ ስታበቃ ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች። ጠርዙ ተበልቷል፣ ሽፋኑ ጠቁሯል፤ ጽሕፈቱ ግን የኔው ነው፣ ክብ ክብ ያለ፣ መስመሩን ያልሳተ። «ጋሼ በመጨረሻ ጊዜያቸው ይህን ሰጡኝ» አለች። «ላሊበላ ስትሄጂ ዘነቡን ፈልጊ፤ የእሷን ጽሕፈት እመኚ፣ አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም አሉኝ።» ይህን ከመስማት ጆሮ ቢደፈን ይሻላል።

«እማማ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር ስላለ ነው የመጣሁት» አለች። «ዘንድሮ እኔም እዚያው ወጥመድ ዘርግቼ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ካሉት አይጦች ውስጥ ቫይረሱን የያዙ አሉ፤ ከማዶዎቹ ግን አንዲትም የያዘች አላገኘሁም። ደብተሩ ይሻገራሉ ይላል፤ ደሙ አልተሻገሩም ይላል።» «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «ደብተሩን አምኛለሁ። ዝናቡ ሠምሯል፣ አይጡ ይበዛል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ተራ የማዶ ነው፤ ወዲህ ቀድሞ ደርሷል፣ እነሱ ላይ ሳይደርስ እንቅደም ብያለሁ። ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ገና በደንብ አናውቅም፤ እስኪታወቅ ግን እህሉን ከአይጡ ማራቅ ይሻላል። ጥቂት የቆርቆሮ ጎተራ ተገኝቷል፤ ለሁሉ አይበቃም። ማክሰኞ ስብሰባ አለ፤ ለማዶ ይቅደም ልል ነው።»

ከወንዙ ወዲህ ያሉት ቤቶች ዓይኔ ላይ መጡ። ዛሬም እህላቸውን በጭቃ ጎታ፣ ከመኝታቸው አጠገብ የሚያኖሩ ሰዎች ናቸው። የአያ መላኩ የልጅ ልጅ ገና ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፤ ባለፈው ወር ክርስትናው ላይ ነበርኩ። በኔ ውሸት የእነሱ ጎተራ ወንዝ ሊሻገር ነው። ብናገር ደግሞ የሞቱት ሰው የለፉበት ሥራ ይፈርሳል፤ ታማኟ ጸሐፊዬ ያሉኝ ሰው። ግዝቱም አለ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነይ» ብዬ ሸኘኋት።

ያኔውኑ ተነሥቼ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ይህን ነገር ያን ሁሉ ዓመት ለንስሐ እንኳ አላወጣሁትም ነበር። «አባ፣ የገዘቱኝ ሰዎች ሁሉ ሞተዋል። የሞተ ሰው ግዝቱን ይዞት ይሄዳል ወይስ ለኔ ትቶልኝ ነው የሚሄደው?» ብዬ ከነአይጡ ከነጆንያው ነገርኳቸው። ጆንያው ጋ ስደርስ ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ፤ ሳቅ ይዟቸው ነው። ከዚያ ግን በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። «ወለተ ማርያም፣ እነዚያ ሰዎች ለምን ገዘቱሽ?» «ማሳቸው እንዳይበላ ነዋ።» «ማሳውን ዛሬ ማን ያርሰዋል?» «የልጅ ልጆቻቸው።» «ታዲያ እነሱን የሚጎዳ ግዝት ማን ገዘተ? ደግሞም ግዝቱ አትናገሪ አለሽ እንጂ በሐሰት ጻፊ አላለሽም፤ እሱ የራስሽ ነው።» አንገቴን ደፋሁ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ። «ስለ ግዝቱ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ስለ ጽሕፈቱ ሄደሽ ተናገሪ» አሉኝ።

እሑድ መቅደስ መጣች። ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ ወኔዬ የሚከዳኝ መሰለኝ። ስለ አያ መላኩ፣ ስለ ግዝቱ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ቁጥቋጦው አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። «አይጦቹ አልተሻገሩም ልጄ፤ ያሻገርኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት። «ሁሉንም?» ብቻ አለች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። የእኛ ቁልቁለት እዚያ ውስጥ አለ፤ ወንዙም አለ፤ ከዚህ ወደዚያ የሚሻገሩ ቀያይ መስመሮች ሸረሪት ያደራችበት አስመስለውታል። «ከየትኛው ልጀምር?» አለችኝ። እኔ የባለማሳውን ስም እጠራለሁ፤ እሷ ታጠፋለች። አያ መላኩ። ጠፋ። እትዬ ደስታ። ጠፋ። አለቃ ወርቁ። ጠፋ። የሞቱትን ሁሉ ስም ስጠራ ፍትሐት ላይ ያለሁ መሰለኝ። መስመሮቹ አልቀው ከቁልቁለቱ ጥግ ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ ቀሩ። «እነዚህስ የማን ናቸው?» ብላ ጣቷን አነሣች። «እነሱን እንዳትነኪ!» አልኳት። «የእማዬ ማሳ ነው። እነሱ እውነት ናቸው።»

ጎረቤቱ ሁሉ ሲገዝተኝ እማዬ ከማሳዋ ሆና ታይ ነበር። አንድ ጠዋት ከእኛ ማሳ የተያዙትን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ፤ ጎንበስ ብላ ታርማለች። «እማዬ፣ እነዚህንም ማዶ ልውሰዳቸው?» አልኳት። ቀና ሳትል «ምን ተብለሽ ነው የታዘዝሽው?» አለችኝ። «እዚሁ ልቀቂ ተብዬ።» «እንግዲያው እዚሁ ልቀቂያ። ጎረቤት ይገዝትሽ እንጂ እኔ የገዛ ልጄን አልገዝትም።» «ገብሱስ?» «እኛ የምንበላው አይጠፋም» አለች። ጠፋ እንጂ። በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ ሲያፍስ የእኛ ገብስ ሳሳ። ክረምቱን እማዬ በቀን አንዴ ትቀምስና «ሆዴን ነፋኝ» እያለች ድርሻዋን ወደኔ ትገፋ ነበር። እኔም እውነት መስሎኝ እበላላታለሁ።

መቅደስ ደብተሩን እያገላበጠች የእኛን ማሳ አይጦች አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። ብዙ ቆየች። «እማማ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው» አለች በመጨረሻ። «ደጋግመው ተይዘዋል፤ ከቀይ ጨርቁ ጥቂት እርምጃ ቢርቁ ነው። አንዲትም ወንዙን አልተሻገረችም። ይኸው ደሙም ያለው ይህንኑ ነው። እርስዎ የወሰዷቸውም ጥቂት ስለነበሩ ቫይረሱን እዚያ ሳያዛምቱ ሞተው ይሆናል።» «የዶክተሩ ስምስ?» አልኳት፤ የፈራሁት እሱን ነበር። «ጋሼ ክፍል ውስጥ የጠፋ ቁጥር ከውሸት ቁጥር ይሻላል ይሉን ነበር። ቢኖሩ ኖሮ የተሳሳቱበትን ራሳቸው ይጽፉት ነበር። እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ማክሰኞም ጎተራው ከወንዙ ወዲህ ይቅደም እላለሁ፤ የሚጠይቅ ካለ ያንን ማሳ አሳያለሁ።» ከዚያ «ማሳው ስም አለው? ካርታው ሥር ልጻፈው» አለችኝ። «ማሳው ስም የለውም። እማዬ ግን ጥሩወርቅ ትባላለች» አልኳት። ኮምፒውተሯን በጣቶቿ ነካ ነካ አደረገች። ደቃቁን ፊደል ዓይኔ ስለማያይልኝ «አንብቢልኝ» አልኳት። «የጥሩወርቅ ማሳ» አለች። ደግመሽ አልኳት፤ ደገመችልኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ ሳጥኔን ከፍቼ ሰማያዊውን ቀሚስ አወጣሁ። ለበስኩት እንዳልላችሁ አሁን በእውነት ጠቦኛል። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ደጃፌ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ነበረች፤ የገነተ ማርያም አቅጣጫ ከዚያ አይታይም፣ ግን ወደዚያው ዞርኩ። እማዬ፣ ገብስሽ በከንቱ አልተበላም አልኳት።